የወል ግጦሻችን ላይ ዛፍ ተክላችሁ የካርቦን ብር ውሰዱ ተባልን፤ ምን ትላላችሁ?

የመንዝ_ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

የተወለድኩበት ቀበሌ መንዝ ውስጥ፣ ከፍ ያለ ብርድ አገር ነው። ከመንደሩ በላይ ሰፊ የወል ግጦሽ አለ። ጓሳ ሳር፣ ጨፌ፣ እዚህም እዚያም ጅባራ። ጭላዳ ይሰማራበታል፤ ቀይ ቀበሮም አልፎ አልፎ ይታያል። ዛፍ ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ሰሞኑን ሰዎች መጥተው ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ መሬቱ ባዶ ስለሆነ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይተከልበታል፤ ዛፉ ከአየር የሚስበው ካርቦን ይለካል፤ ውጭ አገር ያለ ገዢ ይከፍልበታል፤ ብሩ ለቀበሌው ይመጣል። አጎቴ ደውሎ «አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ይሻላል?» አለኝ። እኔ የተማርኩት ሒሳብ መዝገብ ነው።

ወጣቶቹ ፈልገውታል። አዛውንቶቹ ደግሞ «ሳሩስ? ከብቱስ?» ይላሉ። አንዱ ሽማግሌ «ቀበሮውስ የት ይሂድ?» ብለው ተሳቀባቸው አሉ። እኔ ግን ጥያቄያቸው ከነከነኝ። የካርቦንና የአውሬ ጉዳይ ይገናኛል እንዴ?

ዋንዛ፦
@የመንዝ_ልጅ በጣም ይገናኛል። እኔ በሙያዬ የደን ሰው ነኝ። ዛፍ አይተከል ብዬ ስከራከር ማየት ሊገርማችሁ ይችላል።

ያ መሬት ባዶ አይደለም። ካርቦኑ ከታች ነው ያለው። ዛፍ ያከማቸውን ግንዱ ላይ ያሳይሃል፤ የደጋ ሳር ግን ሥሩና አፈሩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አገሩ ብርድ ስለሆነ የሞተ ሥር ቶሎ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ይጠራቀማል። እዚያ አፈር ላይ አካፋ ብትሰካ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። መሬቱ ሲታረስና ጉድጓድ ሲቆፈርበት አየር ይገባዋል፤ ተሐዋስያኑ ይነቃሉ፤ የተጠራቀመው ካርቦን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ዛፉ መጀመሪያ ይህን መተካት አለበት። ትርፍ የሚባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ። ሳሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል አለ። አፈሩን ይገለብጡታል። ቀይ ቀበሮ እነሱን በልቶ ያድራል። ዛፍ ጥላ ሲጥልበት ሳሩ ይሳሳል፣ አይጧ ትጠፋለች፣ ቀበሮውም ይከተላል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ የሰሜኑ መንጋ ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ኮረብታ ማጣት ለነሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም አለ። ፋብሪካውና መኪናው በሚያወጣው ጭስ፣ ልቀት በሚባለው፣ ሙቀቱ ሲጨምር እርሻው ወደ ላይ ይወጣል። ገብሱ ከታች እየገፋው ቀበሮው ወደ ጫፍ ይሸሻል። ከጫፉ በላይ ደግሞ መሄጃ የለም። ልቀቱ ከታች ሲገፋው የልቀት መፍትሔ የተባለው ዛፍ ከላይ ቢጠብቀው፣ የቱ ጋ ይቁም?

ጎረቤታችሁን የጓሳን ጥብቅ ቦታ ማየት ትችላላችሁ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ ቦታ ነው። ለዓመታት ዘግተው ያቆዩታል፣ ከዚያ ተከፍቶ ሳሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት ይታጨዳል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የድሮው ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ ኋላ ላይ በአዲስ መልክ መልሰው አቆሙት። ካርቦን የሚባል ነገር ሳይሰሙ ካርቦን ሲጠብቁ ነው የኖሩት።

ሊቀ_ጠያቂ፦
ይቅርታ ግን አየሩ የዛፍ ዘር አይጠይቅም። አንድ ቶን ካርቦን አንድ ቶን ነው፤ ከባሕር ዛፍም ይምጣ ከኮሶ። ስለ አይጥና ቀበሮ እዚህ ፎረም ላይ ቁጭ ብሎ ማዘን ቀላል ነው። ገበሬው ልጁን የሚያስተምርበት ብር ይፈልጋል።

ደግሞም ይህን ሁሉ ጭስ ያወጣነው እኛ ነን እንዴ? እነሱ ፋብሪካ ከፍተው፣ ከሰል አንድደው፣ አሁን ደግሞ የኛን ገበሬ «ሳሩን አትንካ» ልንለው ነው? ይክፈሉ፤ እኛም እንትከል። በቃ።

የከብት_ሐኪም፦
@ሊቀ_ጠያቂ ወንድሜ፣ «አየሩ የዛፍ ዘር አይጠይቅም» ያልከው ትክክል ነው። ግን ያ ካርቦን እዚያ ተቀምጦ መቆየት አለመቆየቱን የሚወስነው በቦታው የሚኖረው ፍጥረት ነው። ከኛ የሚነሳ ታሪክ ስላለ ልንገርህ።

ክፉ ቀንን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ጣሊያኖች ለጦራቸው ከሕንድ ባስመጧቸው ከብቶች ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገባ። ካለው ከብት ከአሥር ዘጠኙ አለቀ ይባላል። የሚያርስ በሬ ጠፋ። ከዚያ የመጣውን ረሃብ አያቶቻችን ነግረውናል። እኛ የምናውቀው እዚህ ድረስ ነው።

በሽታው ግን እዚህ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ፣ ኬንያ ገባ፣ ታንዛኒያ ገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ዘለቀ። በመንገዱ ላይ የዱር እንስሳውንም ፈጀ። ታንዛኒያ ውስጥ ሴሬንጌቲ ፓርክ ሜዳ ላይ ዊልደቢስት የሚባለው የዱር እንስሳ በጣም ተመናመነ። በሽታው እዚያው አካባቢ ሲመላለስ ኖሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ቁጥሩ 300,000 እንኳ የሚሞላ አልነበረም።

አሁን ሳሩን አስብ። የሚግጠው ጠፍቶ በበጋ ረዝሞ ደርቆ ይቆማል። እሳት ያገኘዋል። በየዓመቱ አብዛኛው ሜዳ ይቃጠል ነበር። ብቅ ያለ ችግኝ ሁሉ ዛፍ ሳይሆን ይነዳል። ያ አገር ከሚይዘው ይልቅ የሚለቀው ካርቦን ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በፓርኩ ዙሪያ ያሉ የአርብቶ አደር ከብቶች መከተብ ጀመሩ። ልብ በል፤ የተከተበው ከብቱ እንጂ የዱር እንስሳው አይደለም። ግን በሽታው ከከብቱ ሲጠፋ ከዱሩም ጠፋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዊልደቢስቱ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ሳሩን ጋጠው፤ የጋጠውን በእበት መልክ ወደ አፈር መለሰው፤ ጥንዚዛው ቀበረው። እሳቱ ቀነሰ፤ ዛፉ ተመለሰ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት ሴሬንጌቲ ካርቦን ከመልቀቅ ወደ መያዝ ተቀይሯል። ዛፍ የተከለ ሰው የለም። መርፌ ነው የተወጋው።

በሙያዬ ትንሽ ልኩራራበትና፣ የመጨረሻው ምዕራፍ የኛም ነው። ማቀዝቀዣ ብዙም የማይፈልግ ክትባት ተሠርቶ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች በየሰፈሩ ይዘውት እየዞሩ አፋር ላይ በሽታውን አጠፉት። አገራችን ውስጥ የመጨረሻው ወረርሽኝ በፈረንጆቹ 1995 ነበር። በ2011 ደግሞ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ጽጌ_ከቨርጂኒያ፦
የከብት ሐኪሙ፣ እጅዎ ይባረክ። እንዲህ ተያይዞ ሰምቼው አላውቅም።

እኔ ከገዢው በኩል ነኝ መሰለኝ 😅። የአውሮፕላን ትኬት ስቆርጥ መጨረሻ ላይ «የበረራዎን ካርቦን ያካክሱ» የሚል ነገር ይመጣል። ጥቂት ዶላር ነው። ሥዕሉ ላይ ችግኝ የያዘች ሕፃን አለች። የት እንደሚተከል፣ ምን እንደሚተከል፣ ከመተከሉ በፊት እዚያ ምን እንደነበረ አንዲት ቃል የለም። አሁን ሳስበው ያ ችግኝ የመንዝ ልጅ አጎት ግጦሽ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው?

የመንዝ_ልጅ፦
@ጽጌ_ከቨርጂኒያ ሊሆን ይችላል እኮ! አጎቴ እንኳን ቨርጂኒያ ደሴንም በቅጡ አያውቃት፤ ግን ጉዳያችሁ ገጥሟል።

የጅማ_ቡና፦
እኔ በተቃራኒው በኩል ልግባ። ልቀቱ ሕይወት ያለውን ነገር ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት የፈለገ ቡና ጫካ ይግባ።

የቡና ፍሬ ሰርስራ ገብታ እዚያው የምትፈለፍል ጥቁር ጥንዚዛ አለች። የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች። ፍሬውን ስታዩት አፉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለው፤ ስትሰብሩት ውስጡ ዱቄት ነው። የጅማን የሙቀት መዝገብ የመረመረ ጥናት እንዳሳየው ከ1984 (በፈረንጅ) በፊት ብርዱ ለዚች ጥንዚዛ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ የሚያስጨርሳት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንድም ሁለትም ጊዜ ትፈለፍላለች። መድኃኒቱ ብርዱ ነበር፤ እሱ ነው የሄደው።

በፈረንጆቹ 2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምንም ካልተደረገ፣ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬታችን ከ39 እስከ 59 በመቶው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ሰው የሚያነሳው ይህን ብቻ ነው። ያው ጥናት ግን ቡናው ወደ ከፍታ ከተዛወረና ደኑ ከተጠበቀ ለቡና የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ይናገራል። «ደኑ ከተጠበቀ» የምትለዋን አስምሩባት።

ምክንያቱም ቡና ጥላ ይወዳል። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ቀረሮው ከላይ ቆመው ሙቀቱን ይሰብሩለታል፤ እግረ መንገዳቸውን ካርቦን ይዘዋል። ንቧ አበባውን ታገናኛለች። ደግሞ ያዩና ከፋ ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለው ቡና የዓለም ሁሉ ቡና መጠባበቂያ ነው። በሽታና ድርቅ የሚችል ዘር የሚፈለገው እዚያ ነው። በዓለም ካሉት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ ላይ ናቸው፤ አንዱ የኛው አረቢካ ነው።

አንድ ነገር ግን በዓይኔ የማየው አለ። ገበሬው ምርት ለመጨመር ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦና ወጣት ዛፍ ይመነጥራል። ትልልቆቹን ግን አይነካም። ካርቦን የሚለካ ሰው ቢመጣ ግንዱን ለክቶ «ደኑ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ትልልቆቹ ሲያረጁ ተተኪ የለም። ያኔ ጥላውም ካርቦኑም አብሮ ይሄዳል።

የደብሩ_ልጅ፦
@የጅማ_ቡና ይሄው ነገር እኛ ጋ ደቡብ ጎንደርም አለ። የቤተ ክርስቲያን ደን ከሩቅ ስታየው ግርማው ያስፈራል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው። ስትገባበት ግን ሽማግሌ ዛፍ እንጂ ልጅ ዛፍ የለም። ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ተመራማሪዎች ከካህናቱና ከሕዝቡ ጋር መክረው በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያውን የድንጋይ ካብ አስካቡ። ድንጋዩ ከእርሻው የተለቀመ ነው፤ ገበሬውም መሬቱ ጸዳለት። ካቡ ባለበት ችግኙ ከሥር መጥቷል። ዘሩን የሚያመጣው ወፍ ነው፤ ደኑ ከሞተ ወፉም አይመጣም፤ ወፉ ካልመጣም እንደዚያው።

ሊቀ_ጠያቂ፦
እሺ፣ የሐኪሙ ታሪክ አሳምኖኛል። ግን የባሕር ዛፍን ስም ማጥፋት ፋሽን ሆኗልና ለሱ ጠበቃ ልቁምለት። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያቆመው እሱ ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አይታችኋል አይደል? ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ማገዶ ከየት ይመጣ ነበር? ከተረፈው ጽድና ወይራ ነዋ። ገበሬውም ሲቸገር የሚሸጠው እሱን ነው። ታዲያ እሱ ብዝኀ ሕይወት አላዳነም?

ዋንዛ፦
@ሊቀ_ጠያቂ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ባሕር ዛፍ ቤት አጠገብና እርሻ ዳር ሆኖ ስንት ደን አድኗል። ልጨምርልህ፦ ሙኔሳ ሻሸመኔ አካባቢ በተተከለ ባሕር ዛፍና ፈረንጅ ጽድ ሥር አገር በቀል ዛፎች ራሳቸው በቅለው ተገኝተዋል። በጥናት የተረጋገጠ ነው። የተተከለው ዛፍ ጥላ ሰጣቸው፣ ወፍና ዝንጀሮ ዘሩን አጠገቡ ካለው ተፈጥሮ ደን አመጣ። አጠገቡ ደን ከሌለ ግን የሚመጣ ዘር የለም። ባሕር ዛፍ የሚኮነነውም የሚመሰገነውም በተተከለበት ቦታ ነው። የወል ሳር ላይና ምንጭ ራስ ላይ ሲሆን ነው ጠቡ።

የካርቦን ብርን በጅምላ እንዳትጠሉት ደግሞ ሁምቦን ላምጣ። ወላይታ ውስጥ ነው። ተራራው በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ ተራቁቶ ነበር፤ ጎርፍና ናዳ መንደሩ ላይ ይወርድ ነበር። በፈረንጆቹ 2006 ሥራው ሲጀመር ችግኝ በማፍላት ላይ ብቻ አልሄዱም። ተቆርጠው የቀሩት ጉቶዎች ሥራቸው አልሞተም ነበር። ከብት ተከለከለ፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ውስጥ ጠንካራዎቹ ተመርጠው ቀሩ፣ ሌላው ተገረዘ። የተገረዘው ማገዶ ሆነ፤ ሳሩም ታጭዶ ለከብት ዋለ። 2,728 ሄክታር ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የተጠቃሚነት መብቱን በስማቸው ያዙ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ ከፊሉን የዓለም ባንክ ፈንድ ሊገዛ ተስማማ።

ሁምቦንና የመንዙን ሐሳብ አስተያዩት። ሁምቦ ላይ የተመለሰው ቀድሞ የነበረው ደን ነው፣ ከነብዙ ዓይነቱ። እናንተ ጋ የሚመጣው ቀድሞ ያልነበረ አንድ ዓይነት ዛፍ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ደግሞ አንድ ተባይ ወይም አንድ እሳት ይበቃዋል። የተሸጠው ካርቦን ሲቃጠል ብሩን ማን ይመልሳል? ውሉ ላይ ይህ አንቀጽ መኖሩን እዩ።

አዋሽ_መንገደኛ፦
እኔ ሹፌር ነኝ፤ የጅቡቲን መንገድ እመላለሳለሁ። ትምህርቱን ለናንተ ልተው። ዛፍ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው ግን አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ ይይ። በረሃን ይመልሳል ተብሎ ነው የመጣው። አሁን ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። አረንጓዴ ነው፤ ከመኪና ስታየው ያምራል። ከሥሩ ግን ሳር የለም። እሾኹ ጎማ ይበሳል፣ የግመል እግር ይበሳል። ከብቱ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ይዞ ሄዶ ሌላ ቦታ ይጥለዋል። አርብቶ አደሩ ግጦሽ ፍለጋ ሲሄድ ሌላ ጎሳ መሬት ይገባል፤ ከዚያ ጠብ ነው። ካርቦንማ ሳይዝ አይቀርም። ለማን?

ጽጌ_ከቨርጂኒያ፦
ታዲያ ዝም ብለን ሳሩን ብንጠብቅ ማንም አይከፍለንም ማለት ነው? ዛፍ የተከለ ሲከፈለው ሳር የጠበቀ ለምን አይከፈለውም?

ዋንዛ፦
@ጽጌ_ከቨርጂኒያ እህቴ፣ የአፈር ካርቦንም ይሸጣል፤ ኬንያ ሰሜኑ ላይ በግጦሽ አያያዝ የተሠራ ፕሮጀክት አለ። እሱም ብዙ ክርክር አስነስቷል፤ በመሬት መብትም፣ በልኬቱም፣ ፍርድ ቤት ድረስ። ግንድ በሜትር ይለካል። አፈር ግን ተቆፍሮ፣ ላቦራቶሪ ተልኮ፣ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መለካት አለበት። ውድ ነው። ገዢውም ሳር ፎቶ ላይ አያምርለትም። ብሩ ወደ ዛፍ የሚያደላው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ ሳይንስ አይደለም።

ሊቀ_ጠያቂ፦
እኔ አሁንም የምለው አንድ ነገር አለ። ሰው ከሚያወጣው የካርቦን ልቀት ውስጥ ከግማሽ በላዩን ውቅያኖስ፣ ደንና አፈር እየዋጡት ነው። ይህ ነፃ አገልግሎት ነው። መንዝ ሳሩን ቢጠብቅ የሚጠቀመው ዓለም ነው። ለዚህ የሚከፈል ከሌለ ሽማግሌዎቹን «ለዓለም ስትሉ ደኽዩ» ማለት ነው የሚሆነው። ይህን መልሱልኝ።

የከብት_ሐኪም፦
ለዓለም ብቻ አይደለም። ለከብቱም ነው። ድርቅ ሲሆን የተዘጋው ሳር ይከፈታል፤ ነፍስ የሚያቆየው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግን በሬ አይግጥም። ዛፉ ውሃውን ጠጥቶ ጨፌው ሲደርቅ ከታች ያለው ጅረትም ይቀንሳል። ብሩ ከመቆጠሩ በፊት ከታች ያሉ መንደሮችስ ተጠይቀዋል ወይ?

የመንዝ_ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አጎቴን አሁን ደውዬ ግማሹን አነበብኩለት። የሴሬንጌቲውን ሲሰማ «በደስታ በሽታ ጊዜ በሬው አልቆ የኔ ቅድመ አያት መሬቱን በአካፋ ሲቆፍሩ ኖረዋል» አለኝ። ከዚያ «እንግዲህ ሰዎቹን እነዚህን እጠይቃለሁ» ብሎ በቃሉ ያዘ፦ ምን ዓይነት ዛፍ ነው፤ ስንት ዓይነት ነው፤ ሳሩ ላይ ነው ወይስ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ላይ፤ ቢቃጠል ዕዳው የማን ነው፤ ከታች ያሉት ተጠይቀዋል ወይ። አንዱን ራሱ ጨመረ። ገደሉ ላይ ኮሶና አስታ ብንተክልስ፣ ሳሩን ሳንነካ? ይከፍሉናል?

ዋንዛ፦
አጎትህ ከኔ የተሻለ ፕላን አወጡ። አስታ ለዚያ ከፍታ ልክ ነው። ኮሶ ግን ከውርጩ ይጠንቀቁለት፤ ከገደሉ ታችኛው ክፍል ይጀምሩ። የሚከፍሉት ብር ከባሕር ዛፉ ያንሳል፤ ቶሎ ስለማያድግ። ስብሰባው መቼ ነው? ከተመቸ የውሉን ስክሪንሾት እዚህ ለጥፈው፤ ስሙን ሸፍነህ።

የመንዝ_ልጅ፦
ቅዳሜ ነው፣ ከገበያ መልስ። ውሉ እንግሊዝኛ ነው አሉ። መጀመሪያ አማርኛውን አምጡ እንዲሏቸው ነግሬያለሁ።